ሰው ያጣ መጻጉዕ እንዳይኖር



በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት ያሰብነው፣ 38 ዓመት በደዌ የማቀቀው መጻጉዕ ከመጠመቂያው ዳር ተኝቶ ሳለ የጎደለው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነበር። ዛሬም ጤና ጣቢያው ቅርብ ሆኖ ሳለ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ወገናችን በደረጃው ከታገደ፣ መስማት የተሳናትም እናት ከሐኪሟ የሚያግባባት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካጣች፣ ሁለቱም ከመጠመቂያው ዳር ቀሩ ማለት ነው።

ይህን የምንለው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለምትኖሩ ቤተሰቦች ነው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት መገኛ ናትና ጉዳዩ ባዕድ አይሆንባትም።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 25 የጤና አገልግሎትን፣ በአንቀጽ 11 የአደጋ ጊዜ ጥበቃን ደንግጓል። ነገር ግን ሌሊት እሳት ቢነሣ፣ ጩኸት የማይሰማውን ገብቶ የሚቀሰቅሰው አንቀጽ ሳይሆን ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ዕድሮቻችን ለቀብር ድንኳን የሚተክለውን አስቀድመው እንደሚመድቡ ሁሉ፣ በአደጋ ቀን ማን ማንን እንደሚያወጣ፣ የአምቡላንስ ስልክም ማን ዘንድ እንደሚገኝ ከወዲሁ ይወስኑ። የጤና ተቋማትም ከደረጃው ጎን መወጣጫ ያብጁ። የትንሣኤው ደስታ ምሉዕ የሚሆነው ማንም ከዳር ሳይቀር ነውና።

መልካም በዓል!