ዝግጅት የእምነት ጉድለት ነውን?

ቅድስት አገርን ለመሳለም ከሚመጡት ምእመናን መካከል አንዳንዶቹ ከኢየሩሳሌም ተራሮች ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው በዋዲ ቄልት ሸለቆ በእግር ተጉዘው፥ የጥንት አባቶች በኖሩባቸው ዋሻዎች አጠገብ አንድ ሌሊት ለማደር ያስባሉ። አሳቡ መልካም ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው፥ ስለ ውሃው፥ ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ «አንተ እምነት የለህም፤ የጠራን እርሱ ይጠብቀናል» እየተባለ አፉ መዘጋቱ ነው። ይህ አነጋገር መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ስንፍናን በእምነት ልብስ መሸፈን ነው።

በመጀመሪያ «አባቶች ይህን ሁሉ ይጠነቀቁ ነበርን?» ይላሉ። የአባቶችን ሥራ በዓይኑ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ቅዱስ ሳባ በ483 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቄድሮን ሸለቆ ገዳሙን ከመመሥረቱ በፊት፥ አምስት ዓመት ያህል በዚያው በአንድ ዋሻ ኖሮ ቦታውን ያውቀው ነበር። የይሁዳ ምድረ በዳ መነኮሳት በዓታቸውን በገደሉ ወገብ አበጁ፤ የዝናም ውሃ የሚጠራቀምበትንም ጉድጓድ ቈፈሩ። በዋዲ ቄልት ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳምም ከገደሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። እንግዲህ ከጎርፍ የራቁትን፥ ውሃ ያጠራቀሙትን አባቶች ያለ ዝግጅት ኖሩ ማለት ድካማቸውን መካድ ነው።

ሁለተኛም «ሰማዩ ብሩህ ነው፤ ምን ያሰጋል?» ይላሉ። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል 750 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፥ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል 250 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ በመካከላቸውም ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በተራራው የዘነበው ዝናም በዚህ ቁልቁለት እየተንደረደረ፥ አንዲት ጠብታ እንኳ ወዳልወረደበት ሸለቆ በድንገት ይደርሳል። ሚያዝያ 18 ቀን 2010 ዓ.ም. በሙት ባሕር ደቡብ ወገን ባለው በጻፊት ሸለቆ ሲጓዙ የነበሩ ዐሥር ወጣቶች በእንዲህ ያለ ጎርፍ ተወስደው ሞቱ። የጎርፍ አደጋ መኖሩ ግን አስቀድሞ ተነግሮ ነበር።

ሦስተኛም «በዋሻ ማደር በረከት ነው» ይላሉ። በዋሻ መጸለይ በረከት መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን በዚህ አገር ዋሻዎች ትቢያ ውስጥ የምትደበቅ መዥገር አለች፤ የተኛውን ሰው ሳይሰማው ትነክሰዋለች፤ ከቀናት በኋላም እየተወ የሚመለስ ብርቱ ትኩሳት ታመጣበታለች። በአገራችን በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የዚሁ በሽታ ወገን ነው። መድኃኒት አለው፤ ስለዚህ ከጉዞው በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው በዋሻ ማደሩን ለሐኪም ይንገር። ከሁሉ የሚሻለው ግን በዋሻው ጸልዮ፥ እሳት ሳያነድድና ስሙን በግድግዳው ላይ ሳይጽፍ፥ ወጥቶ በውጭ ማደር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስለ አየሩ ጠባይና ስለ መንገዱ ክፍት መሆን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ዝናም ይጠበቃል ከተባለ ጉዞው ለሌላ ቀን ይተላለፍ። እያንዳንዱ ሰው ለቀኑ ከ3 ሊትር ያላነሰ፥ በሙቀት ጊዜም ከዚያ የበለጠ ውሃ ይያዝ። በድንጋይ ላይ የተቀቡት የመንገድ ምልክቶች፥ በሁለት ነጭ መሥመሮች መካከል ያለው ቀለም፥ አይለቀቁ። ድንኳኑ ከሸለቆው ወለል ርቆ፥ ማደር በተፈቀደበት ስፍራ ይተከል። ተጓዦቹም ስማቸውንና የሚመለሱበትን ሰዓት በማረፊያው ቤት ጽፈው ይተዉ።

ሸለቆው ወደ ሜዳ ሲወጣ ከኢያሪኮ በላይ የሚታየው ተራራ ጌታችን የጾመበትና የተፈተነበት ነው ተብሎ ይታመናል። ከፈተናዎቹም አንዱ፥ መላእክት ይደግፉሃልና ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር የሚል ነበር፤ ጌታም እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሶ ፈታኙን አሳፈረ። ያለ ውሃና ያለ ምክር ወደ ሸለቆ ውረዱ የሚለንም ድምፅ የማንን ቃል እንደሚመስል እናስተውል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።