የመኪናው ጎተራ

በዛሬው ዓምዳችን ስለ አንድ ዓይነት መኪና እንነጋገራለን። «እኛ በቅሎና አህያ እንጂ መኪና የለንም። ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ሕመምተኛ ስታሳክሙ፣ ማዳበሪያ ስታስመጡ፣ ሩቅ ገበያ ስትሄዱ መኪና ያስፈልጋችኋል። ነዳጅ ሲወደድ የመኪና ሒሳብም ይወደዳል። ስለዚህ ነገሩ የእናንተም ጉዳይ ነው። አስቀድመን አንድ ታሪክ እናንብብ።

አንድ የደሃና ገበሬ ባለቤታቸው ታመሙባቸው። ሴትዮዋ ሰቆጣ ሆስፒታል ተኝተው ታከሙ። ሲሻላቸው የገበሬው የእህት ልጅ ወደ አምደ ወርቅ ሊያደርሳቸው መኪና ይዞ መጣ። መኪናዋ ሃይብሪድ የምትባል ናት። ሃይብሪድ ማለት ድብልቅ ማለት ነው። አንድ የቤንዚን ሞተርና አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር አላት።

ከሰቆጣ ሲነሡ ልጁ ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫነ። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። መኪናዋ ግን ትሄዳለች።

«ምነው፣ ሞተሩ ጠፋ እኮ!» አሉ አጎቱ ደንግጠው።

«አይደንግጡ አጎቴ። ቤንዚኑ ትንሽ ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ እንድትሄድ አድርጌ ነው። እንዲህ ከሆነ ቤንዚን አይነካም» አለ ልጁ።

አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ተነሣ። ልጁ ቁልፉን ደግሞ ተጫነ። መኪናዋ እምቢ አለች። ወዲያው አቀበት መጣ። ሞተሩ ጮኸ፣ አቃሰተ። ልጁ የቤንዚኑን መለኪያ አየና ዝም አለ። በመንገድ ላይ ቤንዚን የሚሸጥ የለም።

ከኋላ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡት ሴትዮ፣ «ልጄ፣ ቤንዚኑ ያደርሰናል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«እትዬ፣ እንጃ» አለ ልጁ።

አጎቱ ጥቂት አሰቡና፣ «ለመሆኑ ኤሌክትሪኩን ከየት አመጣኸው? ከተማ ገመድ ሰክተህ ሞላሃት?» አሉት።

«የለም፣ ይህች መኪና በገመድ አትሞላም። ባትሪዋን የሚሞላው ሞተሩ ነው።»

«ሞተሩስ ምን ይበላል?»

«ቤንዚን።»

«እንግዲያ ያው ቤንዚን ነዋ! እህል ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው ብትገለብጥ አይበዛም። እንዲያውም ሲገለበጥ የሚፈስስ አለ።»

አጎትየው ልክ ናቸው። ባትሪ የኤሌክትሪክ ጎተራ ነው። ሞተሩ ቤንዚን እያቃጠለ ባትሪውን ሲሞላ ከኃይሉ ጥቂቱ በሙቀት ይጠፋል። ኃይሉ ከባትሪ ወጥቶ ጎማውን ሲያዞር ደግሞ ጥቂት ይጠፋል። ልጁ ባትሪውን በመነሻው ላይ ስለ ጨረሰ አቀበቱ ሲመጣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚረዳበት አቅም አጣ። የቤንዚኑ ሞተር ብቻውን ተሸከመ። ባትሪውንም መልሶ መሙላት ነበረበት። ይህ ሁሉ ቤንዚን ይፈጃል።

አቀበቱ አልቆ ቁልቁለት ጀመረ። ልጁ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ አነሣ። ፍሬኑንም ቀስ ብሎ ነካ አደረገ። በባትሪው ሥዕል ላይ ያሉት መስመሮች አንድ በአንድ እየጨመሩ ሄዱ።

«አሁንስ የሚሞላው ማነው?» አሉ አጎቱ።

«አሁን የሚሞላው ቁልቁለቱ ነው። ቤንዚን አልሰጠሁም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ይይዛል። ፍሬኑ ይግላል፤ አንዳንዴም ይሸታል። ያ ሙቀት የባከነ ኃይል ነው። በሃይብሪድ መኪና ግን ጎማው የኤሌክትሪክ ሞተሩን መልሶ ያዞረዋል። ሞተሩም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የተከዜ ወንዝም የሚሠራው ሥራ ይህን ይመስላል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው። ውኃው ከላይ ሲወርድ ማሽን ያዞራል፤ ኤሌክትሪክም ይወጣል። የምትወርድ መኪና እንደሚወርድ ውኃ ናት።

ከቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ባትሪው ሞላ። መስመሩ መጨመሩን ተወ።

«ጎተራው ከሞላ የቀረው ቁልቁለትስ?» አሉ አጎቱ።

«እሱ እንግዲህ ይባክናል።»

«ታዲያ ጎተራህን ባዶ የምታደርገው ከአዝመራ በፊት ነው እንጂ በክረምት ነው እንዴ? ያቺን ቁልፍ መጫን የነበረብህ እላይ፣ ሜዳው ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነበር።»

ልጁ ሳቀ። የሚቀጥለውን አቀበት ቁልፉን ሳይነካ ቀስ ብሎ ወጣ። ከጫፉ ላይ ሜዳ ሲያገኝ ቁልፉን ተጫነ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ሄደች። ቁልቁለቱ ሲመጣ ባትሪው ባዶ ቦታ ስለ ነበረው ብዙ ተቀበለ። አምደ ወርቅ ሲደርሱ ጥቂት ቤንዚን ተርፎ ነበር። ሴትዮዋም በሰላም ቤታቸው ገቡ።

አሁን ወደ ሰፊው ጉዳይ እንለፍ። ሃይብሪድ መኪና በብዛት ተሠርታ ለገበያ የወጣችው በ1990 ዓ.ም. በጃፓን አገር ነው። ቶዮታ የተባለው ፋብሪካ «ፕሪየስ» ብሎ ሰየማት። እንዲህ ያለችው መኪና በባትሪ ብቻ የምትሄደው ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም በዝግታ ስትነዳ ነው። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ባትሪው ትልቅ ነው፤ ከቤት መብራት ላይ በገመድ ይሞላል። በዚያኛው መኪና በኤሌክትሪክ ብቻ መሄድ በእርግጥ ቤንዚን ያተርፋል። ኤሌክትሪኩ የመጣው ከውጭ ነውና።

አገራችን ቤንዚንና ናፍጣ የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። ኤሌክትሪክ ግን በአብዛኛው ከወንዞቻችን ይወጣል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በነዳጅ ብቻ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. መከልከሉም ከዚሁ የተነሣ ነው።

እንግዲህ መኪና የሚነዳ ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ ይህን ምከሩት።

1. በገመድ የማትሞላ ሃይብሪድ መኪና ራሷ ታውቃለች። መቼ በባትሪ፣ መቼ በቤንዚን እንደምትሄድ እሷ ትምረጥ። ቁልፏን ሁልጊዜ አትጫን።

2. ቁልፏ የምትጠቅመው ለአጭር መንገድ፣ ለምሳሌ ግቢ ውስጥ መኪና ለማስጠጋት ወይም ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሜዳ ላይ ነው። አቀበት ላይ አትጫናት።

3. ከሩቅ እያየህ ቀስ ብለህ አብርድ። ድንገት የተረገጠ ፍሬን ለባትሪው የሚሰጠው ጥቂት ነው።

4. ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ አታድርግ። በፎሌ ባትሪው አይሞላም። ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊል መቻሉ ነው። ሰው የሚያልቀው እንዲህ ነው። በማንኛውም መኪና ላይ ይህ ክልክል ነው።

5. የጎማውን ነፋስ አስለካ። የማያስፈልግ ጭነት አውርድ። ይህ ለሁሉም መኪና ነዳጅ ይቆጥባል።

ባጭሩ፣ ቁልፍ መጫን ብቻውን ቤንዚን አያተርፍም። የሚያተርፈው ሊባክን የነበረውን ኃይል መሰብሰብ ነው። ገበሬ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

ቃላት
ሃይብሪድ፦ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና።
ባትሪ፦ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ።
ፎሌ፦ ማርሽ ያልገባበት፣ ሞተሩ ከጎማው ጋር ያልተያያዘበት ሁኔታ።
ቦቴ፦ ነዳጅ የሚያመላልስ ትልቅ መኪና።

ጥያቄዎች
1. ልጁ ቁልፉን በመነሻው ላይ በመጫኑ ምን ደረሰበት?
2. ቁልቁለት የምትወርድ መኪናና ተከዜ በምን ይመሳሰላሉ?
3. ጎተራ ከሙሉ ይልቅ ባዶ ሆኖ የሚጠቅመው መቼ ነው? ከቤተ ሰባችሁ ጋር ተወያዩ።