ቪዛው እንዳይቃጠል

«ሂጂ» ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ «እህቷን በጋዜጣ ሰደበች» እንዳልባል።

እቴቴ ቪዛ ስትጠብቅ ዓመት አልፏታል። ቨርጂኒያ ያለችው ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው። ቪዛው የተመታው ደግሞ እኔ ለጡት ካንሰር ኬሞ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ሆነ። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ፤ ተመከረ። አንዱ «ኧረ ቪዛው ይቃጠላል!» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን ይናገራል? እኔም ፀጉሬ በየጠዋቱ ትራሴ ላይ እየቀረ፣ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ «ሂጂ እንጂ፣ እኔ ምን ሆንኩ!» አልኩ። ይሉኝታ ይሏችኋል ይኼ ነው። ሁለተኛውን ዙር በወሰድኩ በአራተኛው ቀን እቴቴን ቦሌ ሸኘናት። በስድስተኛው ቀን ወንድሜ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ በረረ። እሱን እንኳ «ሂድ» ያለው የለም፤ እሱ ሁልጊዜም ሄያጅ ነው።

ጎበዝ፣ እዚህ አገር ከቪዛ የሚበልጥ ነገር አለ እንዴ? ቪዛ ከመጣ ሰርግ በችኮላ ይደገሳል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ቤት በርካሽ ይሸጣል። አሁን ደግሞ ሕመምተኛ ለሠራተኛ ይተዋል።

በመሄዳቸው አልጣላም። ባዕድ አገር የምትወልድ ልጅም እናቷን ትፈልጋለች። ጠቤ ካካሄዳቸው ጋር ነው። አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ሲወጣ እኮ ርክክብ ያደርጋል። ይኼን ያህል ወንበር፣ ይኼን ያህል ደስጣ ወረቀት ተብሎ ይቆጠራል፤ አስረካቢ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል። እኔ ከአንድ ደስጣ ወረቀት አንሼ ነው መሰል «ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥተንሻል» ተብዬ ተተውኩ። እግዚአብሔርማ ይጠብቀኛል። ቴርሞሜትር የሚያነብልኝ ግን ሰው ነው።

ከእኔ ጋር የቀረችው የቤት ሠራተኛችን ናት። ገና ልጅ ናት፤ ከገጠር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሯት፣ ፈርታ ትሄዳለች» ተብሎ ተመክሮ «ጨጓራ ነው» ተባለች። ምስኪን፣ ለጨጓራ የሚደረገውን ሁሉ አደረገችልኝ። ጠዋት ተልባ፣ ማታ ተልባ።

ሰው ኬሞ ሲባል ማስመለስ ብቻ ይመስለዋል። ማስመለሱስ መከላከያ አለው፤ ቀድሞ ከተዋጠ ብዙውን ያስታግሳል፣ ከጀመረ በኋላ ግን ማስቆሙ ይከብዳል። ቀዩ መድኃኒት ሽንትን ያቀላል፤ ያልተነገረው ሰው ደም ነው ብሎ ይሞታል በድንጋጤ። አፍ ይቆስላል። ሽሮ እንኳ በርበሬው ሲነካኝ ያስለቅሰኛል፤ ውሃው ብረት ብረት ይላል። ይኼ ሁሉ ግን የሚታይ ነው፣ ይቻላል። ክፉው የማይታየው ነው። መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል አብሮ ያጠፋል፤ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። በዚያ ሰሞን ትኩሳት 38 ከደረሰ ቀንም ይሁን ሌሊት ሐኪም ቤት መሮጥ ነው፤ ጠዋት እስኪነጋ የሚባል ነገር የለም። ነርሷ ይህን ስትናገር አጠገቤ ቆሞ የሰማት ወንድሜ ነበር። እሱ ደግሞ ዱባይ ነው።

አሥረኛው ቀን እሑድ ዋለ። ጠያቂ ግጥም አለ። እኛ መቼም ለጥየቃ ማን ብሎን! ብርቱካን የያዘ፣ ሙዝ የያዘ፣ «ደም ይተካልሻል» ብሎ ለብለብ ክትፎ በሳህን ያመጣ። አንዷ የሚያስል ልጇን አዝላ መጣች። ሁሉም ጉንጬን ሦስት ሦስቴ ሳሙኝ። አትሳሙኝ ማለት እንዴት ይቻላል? «ኮራች» ልባል ነው። ደግሞ ማንም የማያውቀውን ሰው አልወቅስም፤ ያወቀውን ሰው ነው የምወቅሰው። በር ላይ ቆሞ «ዛሬ በሩቁ ጠይቋት» የሚል አንድ ሰው አልተመደበም።

የዚያኑ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ቴርሞሜትሩን ራሴ አነበብኩት፤ 38 ነጥብ 6። የወንድሜ ስልክ ዝግ ነው። ቨርጂኒያ ደወልኩ። እቴቴ «ውይ የኔ እናት፣ ብርድ መትቶሽ ነው። ፓናዶል ዋጪና ተሸፋፍነሽ ተኚ» አለችኝ፣ ድምጿ በልቅሶ ተሞልቶ። ፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ያ ፓናዶል ትኩሳቱን ደብቆ፣ በሽታውን ይዤ እንድተኛ የሚያደርግ ፍቅር ነው። ሠራተኛዋ ናት ነገሩ ያላማራት። «እትዬ፣ ይኼ ጨጓራ አይደለም» ብላኝ በዝናብ ወጥታ የጎረቤት በር ደበደበች። ጎረቤቴ በነጠላ ጫማ መጥቶ በመኪናው ወሰደኝ። 5 ቀን ተኛሁ፣ በደም ሥር አንቲባዮቲክ እየተሰጠኝ።

ኬሞ ስንወስድ አጠገቤ የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ፓስፖርቷ አሠሪዋ ጋ ነው። ብትመጣስ መድኃኒቱን ማን ይገዛል? እሷ ላይ ማንም አፉን መክፈት አይችልም። ነገር ግን ርክክብ ያደረገችው እሷ ሆና አገኘኋት። የሰፈራቸውን አንድ ተማሪ በስልክ ለምና፣ የታክሲውን እየከፈለች፣ ሁልጊዜ ከእናቷ ጋር ይመጣል። ማዘዣውን ፎቶ አንስቶ ይልክላታል። ቀጠሮውን ከእኛ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። የእኛዎቹ ግን ምን ይልኩልናል? ቪዲዮ! «ስኳር ካንሰርን ይመግባል፣ እንዳትነኪ»፣ «ይህን ቅጠል አፍልተሽ ጠጪ»። አፌ ቆስሎ አጥሚት ብቻ በሚወርድልኝ ሰሞን ስኳሩን ከአጥሚቱ አስወጡብኝ።

እስቲ አስቡት። በክረምት ቨርጂኒያ ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚህ ሁሉ በተኛበት ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ እዚያ ከምሽቱ 12 ነው፤ ሰው ነቅቶ ራት የሚሠራበት ሰዓት። የሌሊት ዘበኛ ብትፈልጉ ከአሜሪካ ዘመድ የተሻለ ከየት ይገኛል? እሷ ግን የምትደውለው በእሷ ጠዋት ነው፣ «እንዴት ነሽ፣ በርቺ» ለማለት። በርቺ ምን ያደርግልኛል? ስንት ነው ትኩሳትሽ በይኝ!

ይህንኑ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ተኮራረፍን፤ ለ3 ቀን አልደወለችም። በአራተኛው ሌሊት ስልኩ ጮኸ። «ስንት ነው?» አለች፣ ሰላምታም የለ። 36 ነጥብ 8 አልኳት። ለሠራተኛዋም እውነቱን ነገርኳት፤ አልሄደችም። ተልባው ግን አልቀረም።

ሦስተኛው ዙር ደሜ ስላልሞላ በሳምንት ተራዝሞ ነበር የተሰጠኝ። የፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ትይዩ የሰው ስም። ሌሊቱን እቴቴ ይዛዋለች። መኪናውን ጎረቤቴ፤ እሑድ በር ላይ የሚቆመውን የአክስቴ ልጅ። የመጨረሻው ዙር ቀን የሚያደርሰኝ ወንድሜ ነው ብዬ ክፍት ትቼለታለሁ። ትናንት መጥቶ ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። «በዚያ ሰሞን ዱባይ ልሄድ ነበር፣ ትኬት ቆርጫለሁ» አለኝ። እስክሪብቶ ሰጥቼው «እንግዲያው የሚተካህን ሰው ጻፍና ፈርም» አልኩት። እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶት ሄደ።