ፎርማት ይደረግ!

የከተማችን የኮምፒውተር ሐኪም መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተርህ ዘገየ? ፎርማት ይደረግ። ድምፅ አልሰጥ አለ? ፎርማት ይደረግ። ፕሪንተሩን አላውቀውም አለ? «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ፎርማት ነው የሚፈልገው!» ጤና ጣቢያ ሄደን ለራስ ምታቱም ለቁርጥማቱም አንድ ዓይነት ክኒን ቢሰጡን ሰፈሩ ይታመስ ነበር። ለኮምፒውተራችን ሲሆን ግን አንገታችንን ደፍተን፣ ከፍለን፣ አመስግነን እንወጣለን።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የጓደኛዬ ነገር ነው። አጎቱ ከአሜሪካ ሲመጣ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ይዞለት መጣ። ጓደኛዬ ደግሞ ለመነጽሩ ተብለው የተሠሩ ጌሞችን አልፈለገም። ሁልጊዜ የሚጫወተውን ተራ የኮምፒውተር ጌም ውስጡ ገብቶ ማየት አማረው። ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር አለ፤ አወረደ፣ ጫነ፣ ከፈተ። ጌሙ ሞኒተሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መነጽሩ ውስጥ ግን ድቅድቅ ጨለማ!

ጥገና ቤት ወሰደው። ልጁ ሁለት ደቂቃ አየውና ፍርዱን ሰጠ፤ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት።» ተደረገ። ሌላ ቅጂ የሌለው የእህቱ ሠርግ ፎቶ ሄደ። ግማሽ የደረሰ የመመረቂያ ጽሑፉም ሄደ። ቤቱ ተመልሶ ሁለት ሌሊት ሙሉ ጌሙን እንደገና አወረደ፤ ሁሉንም እንደ በፊቱ ጫነ፤ ከፈተ። ሞኒተሩ ላይ ቁልጭ። መነጽሩ ውስጥ ጨለማ።

ችግሩ ኋላ ላይ ሲገኝ የአንድ ክሊክ ነገር ሆነ። ኮምፒውተሩ ላይ ምስል ወደ መነጽር መላክ የሚችሉ ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩ። ኦፕን ኤክስአር የሚባለው የጋራ ደንብ እነዚህን «ራንታይም» ይላቸዋል፤ በአንድ ጊዜ ተመርጦ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። የጓደኛዬ መነጽር የተገናኘው በአንደኛው በኩል፣ የተመረጠው ደግሞ ሌላኛው። ፎርማቱ ምን ለወጠ? ምንም! ያው ሰው በያው ቅደም ተከተል ያንኑ ጫነ፤ ያው ጨለማ ጠበቀው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እስቲ ሥሩን እንየው። ተራ ጌም የሚሣለው ለአንድ ጠፍጣፋ ስክሪን ነው። መነጽሩ ግን ለግራና ለቀኝ ዓይን ለየብቻ የተሣሉ ሁለት ምስሎች ይፈልጋል፤ ራስህን ስታዞርም እይታው አብሮህ መዞር አለበት። ይህን ክፍተት የሚሞሉት እንደ ቮርፕኤክስ እና ዩኢቪአር ያሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይሸጣል። ሁለተኛው በአንሪል ኤንጂን 4 እና 5 ለተሠሩ ጌሞች ነው፤ ፕሬይዶግ በሚል ስም የሚታወቅ ፕሮግራመር በ2024 መባቻ ላይ በነጻ ለቀቀው። ሥራቸው በግልጽ ቋንቋ ሰርጎ መግባት ነው። አንዱ ጌሙ ለግራፊክስ ካርዱ የሚልከውን ትእዛዝ መንገድ ላይ ይዞ ለሁለት ዓይን ያደርገዋል። ሌላው ኤንጂኑ ውስጥ ተኝቶ የነበረውን የሁለት ዓይን አሣሣል ይቀሰቅሳል።

ይህን ካወቅህ ብልሽቱ ከሰማይ እንደማይወርድ ይገባሃል። ሰርጎ መግባት የቫይረስም ሥራ ነውና አንቲቫይረሱ ቢይዘው አልተሳሳተም። ፋይሉን ከዋናው ምንጭ ማውረድህን አረጋግጥና ለዚያች ፎልደር ብቻ ፈቃድ ስጥ፤ አንቲቫይረሱን ጠቅልለህ አታጥፋ። ኦንላይን ጌሞች ደግሞ አጭበርባሪ የሚይዝ ዘበኛ አላቸው፤ እዚያ ከሞከርከው አካውንትህ ሊታገድ ይችላል። ጌሙ በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ተከፍቶ ሶፍትዌሩ በተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ከተከፈተ ዊንዶውስ በሩን ይዘጋበታል፤ ትንሹ ሹም ትልቁን አያዝም። የስቲም፣ የዲስኮርድና የመሳሰሉት በጌም ላይ የሚደረቡ መስኮቶችም በዚያው በር ስለሚገቡ ይጋፋሉ። ላፕቶፕህ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ካለው ደግሞ ጌሙ ሳታውቀው በደካማው ላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ምስሉ መጥቶ የተበላሸ እንደሆነስ? እሱም ይናገራል። ጥላው በአንድ ዓይን ብቻ ከታየ ወይም ሁለቱ ዓይኖች ካልተስማሙ ችግሩ አሣሣሉ ላይ ነው፤ ዩኢቪአር ላይ ከሦስቱ የአሣሣል መንገዶች ወደ ሌላው ቀይር። ራስህን ስታዞር ዓለሙ እየተጎተተ ካዞረህ ካርድህ አልደረሰም ማለት ነው። በሰከንድ 90 ምስል የሚያሳይ መነጽር ለእያንዳንዱ ምስል የሚሰጠው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ሁለት ዓይን መሣል አለበት። ጥራቱን ቀንስ። ሁሉም ነገር በአጉሊ መነጽር የቀረበ ከመሰለህ የጌሙ የእይታ ስፋት ጠብቧል፤ አስፋው።

ጨለማው አንድ ነገር ይላል፣ መንቀጥቀጡ ሌላ፣ የአንድ ዓይኑ ጥላ ሌላ። ፎርማት ለሦስቱም አንድ መልስ ይዞ ይመጣል። በአጋጣሚ ቢሠራልህ እንኳ የትኛው እንደሠራልህ አታውቅም፤ ስለዚህ ነገ ሲመለስ እንደገና ከፍለህ ታስፎርማለህ።

ባሰ ሲልም መነጽሩን ራሱን ይገድለዋል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲ የተባለውን የመነጽር ሥርዓት ሊተወው መሆኑን በዲሴምበር 2023 አስታወቀ፤ በ2024 በወጣው ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ውስጥም ጨርሶ አስወጣው። በድሮው ዊንዶውስ ላይ መነጽሩ እሺ ብሎት ሲጫወት የነበረ ሰው በትንሽ ብልሽት ተደናግጦ ፎርማት ቢያስደርግና አዲሱን ቢያስጭን፣ ሊያድነው የሄደውን መነጽር በገዛ ገንዘቡ ሊቀብረው ይችላል።

«እኔ መጫወት እንጂ መሐንዲስ መሆን አልፈልግም» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ለመነጽሩ ተብሎ የተሠራ ጌም ገዝቶ ይህ ሁሉ ጣጣ ቢመጣበት ሻጩን መጮህ መብቱ ነው። እዚህ ግን የምንፈልገው ሠሪው ያላሰበውን ነገር ነው። ሶፍትዌሮቹን የሚሠሩት ባብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የጌሙ ኮድ በእጃቸው የለም፣ ባለቤቱም አላገዛቸውም። አንዳንዴ ጭራሽ ይከለክላቸዋል። ሉክ ሮስ የተባለው ፕሮግራመር ለጂቲኤ 5 እና ለሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሠራቸውን የቪአር ማሻሻያዎች የጌሞቹ ባለቤት ቴክ-ቱ በጁላይ 2022 በቅጂ መብት ጥያቄ አስወርዷቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ዘንድ ሄደህ «አልሠራም» ብለህ ብቻ ብትጮህ ምን ይመልስልህ? «ይህ ጌም፣ ይህ መነጽር፣ ይህን ለወጥኩ፣ ይህ ሆነ፣ ሎግ ፋይሉ ይኸው» በለው፤ ያኔ ለመተባበር ይበቃሃል።

ሠሪዎቹም ንጹሕ አይደሉም። ምክንያቱን ሳይናገር «መግባት አልተቻለም» ብሎ የሚዘጋ መልእክት ስድብ ነው። ዊንዶውስም ደግ አይደለም። ይሁን እንጂ የእነሱ ስንፍና የኛን አያጸድቀውም።

የኛ ስንፍና ምንድን ነው? አንዱን ሳንፈትሽ አሥሩን በአንዴ መለወጥ ነው። አንቲቫይረሱን አጥፍቶ፣ ድራይቨሩን ቀይሮ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዩቲዩብ ላይ ያየውን የማያውቀውን ፋይል ገልብጦ፣ ከዚያ «ሁሉንም ሞክሬያለሁ» ማለት። አልሞከርክም ወዳጄ፤ በጠበጥከው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንድ ለውጥ፣ አንድ ሙከራ፣ አንድ መስመር ማስታወሻ፤ ካልሆነ ወደ ነበረበት መመለስ። ሌላ ጥበብ የለውም። ለጥገና ቤቱም ጥያቄያችን ይቀየር። «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ምን አገኘህበት?» እንበል። መልስ የሌለው ሰው ዲስካችንን አይንካ።

ፎርማት ፈጽሞ አያስፈልግም አላልኩም። ቫይረስ የወረሰው፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ያቃተው ኮምፒውተር አለ፤ ያኔ መጀመሪያ ፎቶህን አውጣ፣ ከዚያ ይደረግ። የመጨረሻውን መንገድ የመጀመሪያ ያደረግነው ግን ከማወቅ ማጥፋት ስለሚቀልለን ነው። ቡድን ሲሸነፍ አሰልጣኙን እናባርራለን፣ አዲስ አለቃ ሲመጣ የድሮውን ፋይል እንጥላለን፣ ከዚያ ያው ሽንፈት፣ ያው ወረፋ ሲጠብቀን እንገረማለን።

ጓደኛዬ አሁን መነጽሩን አድርጎ ጌሙ ውስጥ ይንሸራሸራል። ደስ ብሎታል። የእህቱን ሠርግ ፎቶ ግን የሚመልስ ክሊክ አልተገኘም።