ከመቁረጥ በፊት መቁጠር

ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ። ሁለቱ ልማዶቼ በአንድ ሌሊት፣ ያውም በአንዲት ጥቁር ቺፕ ላይ ይገናኛሉ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የእኅቴ ልጅ አለ፤ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ ነው። በሰፈሩ ወጣቶች የግጥም ምሽት ላይ ግጥሜን በመብራት ሰሌዳ መስመር በመስመር ሊያሳልፍልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። በዋዜማው ከሥራ ወጥቼ ከፒያሳ በእግሬ ስደርስ ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ግጥሙ አልገባም» አለኝ።

«ለማን ነው ያልገባው?» ብዬ ደነገጥሁ።

«ለማን ሳይሆን የት በለኝ፤ ቺፑ ውስጥ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሠራበት አርዱዪኖ ኡኖ ሁለት ጎተራ አለው። አንደኛው ፍላሽ የሚባለው የፕሮግራም ማኅደር ሲሆን 32,768 ባይት ይይዛል፤ ማስነሻው 512 ባይት ስለሚወስድ ለተጠቃሚው 32,256 ይተርፈዋል። ሁለተኛው ራም ነው፤ እርሱ 2,048 ባይት ብቻ ነው። ልጁ ዲቃሎቹን ትቶ 231ዱን ፊደል፣ እያንዳንዱን በ32 በ32 ነጥብ ሥሏቸዋል። አንዱ ፊደል 128 ባይት ይፈጃል፤ ሁሉም 29,568። መጀመሪያ ኮምፓይለሩ «ራሙ ሞልቷል» አለው። በዚህ ቺፕ ላይ «ኮንስት» ብሎ መጻፍ ብቻውን ሠንጠረዡን ከራም አያስቀረውምና። «ፕሮግሜም» የሚለውን ቃል ጨምሮ ወደ ፍላሽ ቢያዛውረው ደግሞ ፍላሹ ሞላ። ለግጥሙም፣ ለሰሌዳው ላይብረሪም፣ ለቀረው ትእዛዝ ሁሉ የተረፈው 2,688 ባይት ብቻ ነበር።

«ሞክሼዎቹን ላውጣቸው?» አለኝ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ እስከ ሳብዓቸው 35 ፊደላት ናቸው፤ 4,480 ባይት ይለቃሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ የፈተናቸው ይኸው የፊደላችን ብዛት ነበር። በእኔ ግጥም ውስጥ ግን «ሠዐሊ» የምትል ቃል አለች። በግእዙ ሠዐለ ማለት ሥዕል ሣለ ነው፤ ሰአለ ደግሞ ለመነ። ግጥሜን የሠራሁት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሞክሼው ከወጣ ሠዐሊዬ በአንድ ሌሊት ለማኝ ሆኖ ሊያድር ነው!

በባንክ ቤት ሒሳብ አልታረቅ ቢል ተነሥቶ ቅጠሉን የሚቀድድ የለም፤ ስሕተቱ ከየትኛው መዝገብ እንደ ገባ ይፈለጋል። እኛም ተቀምጠን ቆጠርን። በግጥሙ ውስጥ የተጠሩት ልዩ ልዩ ፊደላት 118 ብቻ ሆነው ተገኙ። እነርሱን ብቻ ብንይዝ 15,104 ባይት ይበቃናል፤ 14,464 ይተርፈናል፤ ሞክሼዎቹን ብናባርር ከምናገኘው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ቀጥለን ወደ ጽሑፉ ዞርን። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ግን አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 600 ፊደል 1,800 ባይት መሆኑ ነው። ለየፊደሉ የራሳችንን አንዳንድ ቍጥር ሰጠነውና 600 ባይት ብቻ ሆነ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ኮምፓይለሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀበለን።

ማንኛውንም ጽሑፍ ሊያሳይ ለሚገባው ሰሌዳ ይህ መላ እንደማይሠራ አውቃለሁ። እዚያ ነጥቡን ወደ 16 በ16 ማውረድ ይቻላል፤ 231ዱም በ7,392 ባይት ያልቃሉ። ካልሆነም 256 ኪሎ ባይት ፍላሽ ያለው አርዱዪኖ ሜጋ አለ። ሞክሼ ይቀነስ የሚሉ ምሁራንም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የሕፃናቱን የትምህርት ድካም የሚያነሡትን በአክብሮት እሰማለሁ። ክርክሩ ግን በቋንቋው ይዳኝ እንጂ በ4,480 ባይት አይዳኝ። ድልድይ ቢጠብ ተሻጋሪው በተራ ያልፋል እንጂ ወደ ወንዙ አይወረወርም።

አንድ ነገር ግን ልመን። ግጥሜን ፊደል በፊደል ስቈጥረው ያለ ሥራ ቦታ የያዙ ሁለት ስንኞች አገኘሁ። እነርሱን ማንም ሳያስገድደኝ ራሴ ሰረዝኋቸው። በማግስቱ ምሽት የቀሩት በቀይ መብራት አለፉ፤ ሠዐሊዬም ከነሠውና ከነዐው።