ለታላቅ የዓሣ ገንዳ አሸዋ ስለ መምረጥ

ቤቱን በአሸዋ ላይ የሠራ ሰው በወንጌል ምሳሌ ሰነፍ እንደ ተባለ ሁላችንም እናውቃለን። የዓሣ ቤት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ለብዙ ዓሦች መልካሙ ወለል አሸዋ ነውና። ነገር ግን አሸዋ ሁሉ አንድ አይደለም። ሳይመረምር ከደጅ አፍሶ በገንዳው ውስጥ የሚነሰንስ የቤት ጌታ፥ እንደ ምሳሌው ሰው የቤቱን መፍረስ ለማየት አይዘገይም።

ይህን የምጽፈው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በራሴ ቤት ስለ ደረሰ ነው። በዓለም ገና በሚገኘው መኖሪያችን ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው የመስተዋት ገንዳ ባሠራን ጊዜ፥ ለቤት ማደሻ ተብሎ በግቢው ከተከመረው አሸዋ ሦስት ባልዲ አስመጥቼ፥ አንድ ጊዜ ብቻ አለቅልቄ አነጠፍሁት። በሁለተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ሰባቱም ሞቱ። ታናሽ ልጄ፥ «አባባ፥ ምን አበላናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩን በመረመርሁ ጊዜ በክምሩ አጠገብ ሲሚንቶ ሲቦካ እንደ ሰነበተ ተረዳሁ። ሲሚንቶ ውኃውን እንደ ኖራ ስለሚያደርገው የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። እንግዲህ የገደላቸው ያበላናቸው ሳይሆን ያነጠፍንላቸው ነበር።

አሸዋ በገንዳ ውስጥ ጌጥ ብቻ አይደለም። በ1845 ዓ.ም.፥ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1853፥ በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ የመጀመሪያው የሕዝብ የዓሣ ማሳያ ቤት ከተከፈተ ወዲህ፥ ዓሣ የሚያሳድጉ ሰዎች ስለ ወለሉ ብዙ ተምረዋል። ከዓሣው የሚወጣው እዳሪና የተረፈው ምግብ በውኃው ውስጥ አሞንያ የሚባለውን መርዝ ይፈጥራል። በአሸዋው ቅንጣት ላይ የሚሰፍሩ በዐይን የማይታዩ ደቂቅ ነፍሳት ግን ይህን መርዝ ደረጃ በደረጃ ለውጠው ጉዳቱን ያቀሉታል። ትልልቅ ጠጠር የተነጠፈ እንደ ሆነ ቆሻሻው በጠጠሩ መካከል ገብቶ ተሰውሮ ይበሰብሳል፤ በአሸዋ ላይ ግን ከላይ ስለሚቀር አይቶ በጎማ ቱቦ ስቦ ማውጣት ይቻላል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ይጠቅማል። ዓለም ገናና ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ናቸው። ሙቀቱ እኩል ቢሆን፥ የደጋ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከባሕር ጠረፍ ውኃ ሩብ ያህል ያንሳል። የሚበሰብስ ቆሻሻ ደግሞ ይህንኑ ጥቂት ኦክሲጅን ከዓሣው ጋር ይሻማል።

ከዚህም ሌላ አሸዋ ለዓሣው ጠባይ ያስፈልጋል። በሰበታ የሚገኘው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጫጩቱን የሚያራባው ቆሮሶ፥ በሐይቅ ሲኖር ወንዱ በአሸዋማው ወለል ላይ ክብ ጎድጓዳ ቆፍሮ ሴቲቱን ይጠብቃል፤ እርስዋም እንቁላልዋን በዚያ ጥላ ወዲያው በአፍዋ ሰብስባ ትታቀፈዋለች። አምባዛም ምግቡን በጢሙ እየዳሰሰ ከወለሉ ላይ ይፈልጋል፤ ወለሉ ስለታም እንደ ሆነ ጢሙ ይቈስላል። አምባዛ ግን ሲያድግ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል ለቤት ገንዳ አይመከርም።

እንግዲህ አሸዋው በሦስት ነገር ይፈተናል።

መጀመሪያ በእጅ ነው። ቅንጣቱ ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ ሁለት ሚሊሜትር ሆኖ፥ በመዳፍ ሲታሽ የማይወጋ ክብ ክብ ያለ መሆን ይገባዋል። በወፍጮ የተፈጨ ድንጋይ ስለታም ስለ ሆነ አይሆንም። ለግንብ ሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዙሪያዋ ከሚመጣው አሸዋ መካከል የመተሐራው፥ የላንጋኖውና የመቂው ከስምጥ ሸለቆ የሚዛቅ ነው፤ በዚያ የእሳተ ገሞራ አገር የባልጩት ስብርባሪ ሊገኝበት ይችላልና በብርሃን ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በውኃ ነው። አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሮ መምታት፥ ከዚያም ማስቀመጥ። መልካም አሸዋ ወዲያው ይዘቅጣል። ውኃው ደፍርሶ ቢቈይ ሸክላ አፈር አለበት፤ እንደ ቡሽ የሚንሳፈፍ ቢኖር ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነውና ተለቅሞ ይጣል።

ሦስተኛው በአቼቶ ነው። በደረቁ አሸዋ ላይ ጥቂት አቼቶ ሲፈስበት ቢፈላና አረፋ ቢያወጣ የኖራ ድንጋይ አለበት። ይህ ለቆሮሶ እጅግ አይከፋም፤ ከአማዞን ወንዝ ለመጡትና ለስላሳ ውኃ ለለመዱት ትንንሽ ዓሦች ግን አይስማማም።

ሲሚንቶ ከተቦካበት ቦታ፥ ከፋብሪካ በታችም ከሚወርድ ወንዝ የተዛቀ አሸዋ፥ ፈተናዎቹን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ መወሰድ የለበትም። መርዝ በዐይን አይታይምና።

የተመረጠው አሸዋ በባልዲ ጥቂት በጥቂት እየተደረገ፥ ውኃው ጠርቶ እስኪፈስ ድረስ ዐሥር ጊዜም ቢሆን በእጅ እየተማሰለ ይታጠብ። ሳሙና ፈጽሞ አይነካው። በመጨረሻም የፈላ ውኃ ይፍሰስበት።

ሁለት ሜትር በ60 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ገንዳ፥ አምስት ሳንቲሜትር ውፍረት ለማንጠፍ 60 ሊትር፥ ማለት አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው አሸዋ ይበቃል። ከዚህ ከበለጠ አየር የማይደርሰው የታችኛው ክፍል ይጠቍርና እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ገንዳ ከውኃው፥ ከአሸዋውና ከመስተዋቱ ጋር ስምንት ኩንታል ተኩል ያህል ስለሚመዝን፥ የሚቆምበት ወለል አስቀድሞ ይመርመር። ትልልቅ ድንጋይ የሚገባ እንደ ሆነ ከአሸዋው በፊት በገንዳው ወለል ላይ ይደላደል፤ ያለዚያ ቆሮሶው ሥሩን ቆፍሮ ድንጋዩን በመስተዋቱ ላይ ይጥለዋል። ውኃው ሲሞላ አሸዋው እንዳይናጥ በሳህን ላይ ይፍሰስ።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ደቂቅ ነፍሳቱ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳልና፥ በመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ዓሦች ብቻ ይግቡ። ኋላም አሸዋውን ሁሉ በአንድ ጊዜ በቧንቧ ውኃ ማጠብ አይገባም፤ በውኃው ያለው ክሎሪን ነፍሳቱን ይገድላቸዋል።

እኛም ይህን ሁሉ ፈጽመን እንደ ገና ጀመርን። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጄ ሮጣ መጥታ ጠራችኝ፤ ወንዱ ቆሮሶ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳውን ይቆፍር ነበር። የቤት ጌታ ወለሉን ለራሱ ዐይን ሳይሆን ለነዋሪው ሲመርጥ፥ ነዋሪው ራሱ እንዲህ አድርጎ ይመሰክርለታል።