ዜሮ ያልሆነው ባዶ

በአማርኛችን «ባዶ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አዝሎ ይኖራል። ፈተና ተቀምጦ አንዱንም ጥያቄ በትክክል ያልመለሰ ተማሪ «ባዶ አገኘ» ይባላል። ታሞ ፈተናው ላይ ያልተገኘው ጓደኛውም በውጤት መዝገቡ ላይ ያለው ሣጥን «ባዶ ነው» ይባላል። በንግግር ጊዜ አድማጩ ልዩነቱን ከሁኔታው ስለሚረዳ ችግር አይፈጠርም። በኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ውስጥ ግን ሁለቱ ባዶዎች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ዜሮ የተባለው ቁጥር ሲሆን፣ ሁለተኛው «ነል» እየተባለ የሚጠራው፣ እሴት አለመኖሩን የሚያመለክት ምልክት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማወዳደሪያ ምልክቶች ነል ሲገጥማቸው ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጡ ካሳየን በኋላ፣ ይህን መልስ በቅጡ አለመረዳት ከፕሮግራም ስሕተትነት አልፎ ሰዎችን ከቆጠራ ውጭ እንደሚያደርግ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከዛሬዎቹ የመረጃ ቋቶች አብዛኞቹ የተመሠረቱት የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሪሌሽናል ሞዴል ላይ ነው። በዚህ ሞዴል መረጃ የሚያዘው በረድፍና በዓምድ በተከፋፈለ ሠንጠረዥ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቻምበርሊን እና ሬይመንድ ቦይስ ከእነዚህ ሠንጠረዦች መረጃ ለመጠየቅ የሚያገለግል ቋንቋ አስተዋወቁ፤ ይኸው ቋንቋ ኋላ ኤስ ኪው ኤል የሚለውን ስም ይዞ በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ጸደቀ። ኮድ በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ያልታወቀ እሴት ወደ ንጽጽር ሲገባ መልሱ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብቻ ሊሆን እንደማይችልና «አይታወቅም» የሚል ሦስተኛ መልስ እንደሚያስፈልግ አመለከተ። ኤስ ኪው ኤል የሚሠራውም በዚሁ ባለ ሦስት እሴት ሎጂክ ነው።

ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም ለኅሊና እንግዳ አይደለም። የልደት ዘመናቸው ያልተመዘገበ ሁለት አዛውንት አሉ እንበል። አንዱ «አንበጣ እህሉን በፈጀበት ዓመት ተወለድኩ» ይላሉ፤ ሌላው ምልክት አድርገው የሚጠቅሱት ነገር የላቸውም። ዕድሜያቸው እኩል ነውን? «አዎ» ብንል እንዋሻለን፤ «አይደለም» ብንልም እንዋሻለን። እውነተኛው መልስ «አይታወቅም» ነው። ኮምፒዩተሩም የሚለው ይህንኑ ነው። ነል ከነል ጋር በእኩልነት ምልክት ሲወዳደር ውጤቱ «እውነት» አይሆንም፤ «አይተካከልም» በሚለው ምልክት ሲወዳደርም እንዲሁ። ስለዚህም «የልደት ዘመን = ነል» ብሎ የጠየቀ ጀማሪ፣ ሠንጠረዡ በባዶ ሣጥኖች የተሞላ ቢሆን እንኳ አንድም ረድፍ አያገኝም። ለዚህ የተመደበው «ኢዝ ነል» የተባለው የተለየ አገላለጽ ነው፤ እርሱ ሁለት እሴቶችን አያወዳድርም፣ ሣጥኑ እሴት የጎደለው መሆን አለመሆኑን ብቻ ይጠይቃል።

አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በጥያቄያችን ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ስናስቀምጥ፣ የመረጃ ቋቱ የሚያወጣልን ለቅድመ ሁኔታው መልሳቸው «እውነት» የሆኑትን ረድፎች ብቻ ነው። መልሳቸው «ሐሰት» የሆኑትና «አይታወቅም» የሆኑት አንድ ላይ ይቀራሉ። የ200 ተማሪዎች መዝገብ አለን እንበል። 120ዎቹ 50 እና ከዚያ በላይ አግኝተዋል፤ 60ዎቹ ከ50 በታች አግኝተዋል፤ የ20ዎቹ ውጤት ገና አልገባም። «50 እና ከዚያ በላይ ያገኙትን አውጣ» ብንል 120፣ «ከ50 በታች ያገኙትን አውጣ» ብንል 60 ይሰጠናል። ድምሩ 180 ነው። ሃያዎቹ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የሉም። የመጀመሪያውን ጥያቄ «ኖት» በሚለው ቃል ገልብጠን ብንጠይቅም አናገኛቸውም፤ የ«አይታወቅም» ተቃራኒ ራሱ «አይታወቅም» ነውና። በስክሪኑ ላይ የሚወጣ የስሕተት ማስጠንቀቂያም የለም።

ከዚህ የረቀቀ ወጥመድም አለ። በአንድ ዝርዝር ውስጥ የሌሉትን ለመፈለግ «ኖት ኢን» የሚባለውን አገላለጽ እንጠቀማለን። ለምሳሌ መታወቂያ ቁጥራቸው በከፋዮች ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ ተማሪዎችን እንፈልግ። ከከፋዮቹ መካከል የአንዱ ብቻ ቁጥር ሳይጻፍ ቀርቶ ነል ቢሆን፣ ጥያቄው ማንንም አያወጣም። ምክንያቱም አንድ ተማሪ ከዝርዝሩ ውጭ ነው ለማለት፣ ቁጥሩ ከእያንዳንዱ የከፋይ ቁጥር ጋር አለመተካከሉ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ካልታወቀው ቁጥር ጋር ግን ይህን ማረጋገጥ አይቻልም። በአንድ ባዶ ሣጥን የተነሣ ኃላፊው «ያልከፈለ የለም» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል።

የክፍያ መዝገብ ስሕተት ዘግይቶም ቢሆን ይታረማል። ነገሩን ወደ ጤና ስንወስደው ግን መልኩ ይለወጣል። በአንድ ቀበሌ 300 ሕፃናት ተመዝግበዋል እንበል። የኩፍኝ ክትባትን በሚመለከተው ዓምድ ላይ 240ዎቹ «ተከትቧል»፣ 35ቱ «አልተከተበም» የሚል ተጽፎላቸዋል፤ የ25ቱ ሣጥን ባዶ ነው። ባለሙያው የቤት ለቤት ጉብኝት ለማዘጋጀት «ተከትቧል ከሚለው ጋር የማይተካከሉትን አውጣ» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚወጣለት የ35 ሕፃናት ዝርዝር ነው። የቀሩት 25 ቤቶች በር አይንኳኳም። እነዚህ ሕፃናት እናቶቻቸው ወደ ጤና ጣቢያ ያልመጡ፣ ወይም ቤተሰባቸው ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማለትም ይበልጥ መጎብኘት የሚገባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የሽፋኑ ስሌትም እንዲሁ ይዛባል። ባዶዎቹ ሳይቆጠሩ ቀርተው 240 ለ275 ቢካፈል ወደ 87 ከመቶ ይሆናል፤ ለ300 ቢካፈል ደግሞ 80 ከመቶ ነው። የኩፍኝን ስርጭት ለመግታት የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሽፋን 95 ከመቶ መሆኑን ስናስታውስ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አለመሆኑን እንረዳለን። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም።

«እንግዲያው ባዶውን በአንድ ነገር መሙላት ነው» የሚሉ አሉ። ይህ መፍትሔ ከበሽታው የባሰ ነው ብለን እናምናለን። 80 እና 70 ያገኙ ሁለት ተማሪዎች አማካይ ውጤታቸው 75 ነው፤ ላልተፈተነው ሦስተኛ ተማሪ ዜሮ ብንጽፍለት አማካዩ ወደ 50 ይወርዳል። የልደት ቀናቸውን በትክክል የማያውቁ በርካታ ስደተኞች በአሜሪካ መዝገቦች ላይ ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ተብለው ተጽፈዋል። ነሉ አለማወቁን ይናገር ነበር፤ የተሞላው ቀን ግን ያልታወቀውን የታወቀ አስመስሎታል። ከዚያ በኋላ የትኛው ሰው በእርግጥ በዚያ ቀን እንደተወለደ ከመዝገቡ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ባዶነት ራሱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ኮድ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ «አለ፣ ግን አልታወቀም» የሚለውን ባዶ «ጭራሹን አይመለከተውም» ከሚለው ባዶ የሚለዩ ሁለት ምልክቶች እንዲኖሩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ልዩነቱ ለእኛ አገር ሰው ግልጽ ነው። የራሱን ስም አስቀድሞ የአባቱንና የአያቱን ስም የሚያስከትል ኢትዮጵያዊ፣ በውጭ አገር ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ሲያገኝ የሚጽፈው ጠፍቶት የሚቸገረው ስሙን ረስቶ አይደለም፤ ጥያቄው እርሱን ስለማይመለከት ነው። ኤስ ኪው ኤል ግን ለሁለቱም አንድ ነል ብቻ ነው ያለው። ከኮድ ጋር ይሠራ የነበረው ክሪስ ዴት ነል ከነአካቴው ይወገድ እያለ ለረጅም ዓመታት መከራከሩም ያለ ምክንያት አልነበረም። እኛ ግን ምልክቱ ቢወገድ አለማወቃችን አብሮ እንደማይወገድ እናስባለን።

ስለሆነም የሚከተሉትን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ባዶ መሆን የማይገባው ዓምድ ከመነሻው ባዶ እንዳይቀበል ተደርጎ ይዘጋጅ፤ ነገር ግን መዝጋቢው የማያውቀውን ፈጥሮ እንዲጽፍ የሚያስገድድ ቅጽ አይሠራ። ሁለተኛ፣ ባዶ መሆኑ ትርጉም ባለው ጉዳይ ላይ «አልተጠየቀም»፣ «አልታወቀም» ወይም «አይመለከተውም» የሚል የምክንያት ዓምድ ይጨመር። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ሪፖርት «አዎ» እና «አይደለም» ከሚሉት ቁጥሮች ቀጥሎ «ያልታወቀ» የሚል ሦስተኛ ቁጥር ይኑረው፤ የሦስቱ ድምር ከጠቅላላው ጋር ካልተመሳከረ ሪፖርቱ አይፈረም። አራተኛ፣ የመረጃ ቋት ትምህርት የሚሰጡ ክፍሎች ነልን በአንድ ሰሌዳ ማስታወሻ ከማለፍ ይልቅ፣ ተማሪዎች ሆን ተብሎ ባዶ ሣጥን በተበተነበት መዝገብ ላይ እንዲፈተኑ ያድርጉ።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ምዝገባው በተስፋፋ መጠን በልደት ዓምድ ላይ የሚታዩት ባዶዎች በመጪው ትውልድ ዘንድ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት የተወለዱት ሚሊዮኖች ግን ዛሬም በየመዝገቡ አሉ፤ ለእነርሱ ፍትሐዊ የሚሆነው አለማወቁን ሳይደብቅ የሚቆጥራቸው መዝገብ ነው። ኮምፒዩተሩ «አይታወቅም» ሲል የድርሻውን ተወጥቷል፤ ያ መልስ «አይደለም» ተብሎ እንዳይነበብ መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።